ሞተሩን እንዳታስወርጂ

ሙስካት፣ አል አሜራት

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣

  

የላክሽው የድምፅ መልእክት ደርሶኛል። ቪትዝሽን ጋራዥ ወስደሻት፣ መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ትንሽ ጎንበስ ካለ በኋላ «የቴስታታው ጋርኒሲዮን ተቃጥሏል፤ ሞተሩ ይውረድ» እንዳለሽ ሰማሁ። የጠራልሽ ገንዘብ የሦስት ወር ደመወዝሽን ጠራርጎ ይወስዳል። በስልክ ብነግርሽ «እሺ፣ እሺ» ብለሽ ትዘጊውና ነገ ሞተሩን ታስወርጂዋለሽ፤ ስለማውቅሽ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፍልሽ። ገንዘቡን አልከለክልሽም። ግን መኪናዋ ላይ መፍቻ ከማረፉ በፊት ይህን እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

ከነገርሽኝ ውስጥ አንድ ነገር ይዞኛል። ቀዩ የሙቀት መብራት የሚበራው መገናኛ ላይ መንገድ ተዘግቶ ስትቆሚ ነው፤ ወደ ሲኤምሲ መንገዱ ተለቅቆ ስትሄጂ ይጠፋል። ጋርኒሲዮኑ የተቃጠለ መኪና ብዙውን ጊዜ እንዲህ ቦታ እየመረጠ አይሞቅም። ቆሞ የሚሞቅ፣ ነፋስ ሲያገኝ የሚበርድ መኪና ላይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የራዲያተሩ ማራገቢያ ነው። «አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ መካኒክ ሆንሽ?» እንደምትይኝ አውቃለሁ። እኔ ሳልሆን ወንድም ጋሼ ነው የሚያውቀው።

ስለ እሱ በወሬ መሀል ነግሬሻለሁ። ጎንደር ጋራዥ ውስጥ ያደገ ሰው ነው፤ አሁን እዚህ የሕንፃ ኤሲ የሚጠግን ድርጅት ውስጥ ይሠራል። በዕድሜ ስለሚበልጠን ሁላችንም «ወንድም ጋሼ» ነው የምንለው። እኔ አል አሜራት የምኖረው የቤት ኪራዩ ስለሚቀል ነው፤ የምሠራበት ክሊኒክ ግን ከተራራው ማዶ አዘይባ ነው። ቀያዮቹ የሙዋሰላት አውቶቡሶች ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሙስካት ውስጥ ይመላለሳሉ፤ የሌሊት ተረኛ ስሆን ግን አይመቹኝም። ስለዚህ አንድ ያረጀች ኮሮላ ገዛሁ። የእሷ ወጪና ለእናንተ የምልከው ገንዘብ ከአንድ ኪስ ነው የሚወጣው፤ እሷ ስትበላ የእናንተ ይጎድላል። ወንድም ጋሼ ባይኖር ኖሮ ገና ድሮ ሸጫት ነበር።

ባለፈው ዓመት በሙቀቱ ወራት የኮሮላዋ ኤሲ አመል አወጣ። በሱልጣን ቃቡስ ጎዳና ስነዳ ጥርስ ያንቀጫቅጫል፤ የትራፊክ መብራት ሲይዘኝ ትኩስ አየር ይተፋብኛል። አንድ ጋራዥ አሳየሁ፤ «ኮምፕረሰሩ ሞቷል፤ 140 ሪያል» አሉኝ። የኦማን ሪያል ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 2.6 ዶላር ላይ የተተከለ ገንዘብ ነው፤ 140 ሪያል ማለት ከ360 ዶላር በላይ ነው። በብር መንዝሪው አልልሽም፤ ራስሽን ያምሻል።

ወንድም ጋሼ ሲመጣ መፍቻ አላወጣም። መጀመሪያ ጠየቀኝ፤ «ስትቆሚ ነው ስትሄጂ? ጠዋት ነው ቀትር ላይ? የሙቀት ቆጣሪው ምን ይላል?» ስቆም ቆጣሪው ከመሀል ትንሽ ከፍ እንደሚል ነገርኩት። ሞተሩን አስነሣ፣ ኤሲውን ከፈተ፣ ኮፈኑን አንሥቶ አዳመጠ። ማራገቢያው አይዞርም። የኤሲው ጋዝ ሙቀቱን የሚጥለው ከፊት ባለው ኮንደንሰር በኩል ነው፤ መኪናው ሲሮጥ ነፋሱ ራሱ ያበርደዋል፣ ሲቆም ግን ማራገቢያው ካልዞረ ሙቀቱ መሄጃ ያጣል። ኮምፕረሰሩ ሞቶ ቢሆን ኖሮ በሩጫም ባልቀዘቀዘ ነበር። ከዚያ የፊውዝ ሳጥኑን ከፈተና የማራገቢያውን ሪሌ ነቅሎ በክላክሱ ሪሌ ቦታ ተከለው፤ የክላክሱን ደግሞ በማራገቢያው ቦታ። ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው። ማራገቢያው ተነሥቶ መዞር ጀመረ፤ ክላክሱን ብጫነው ጸጥ። ያ ሁሉ ጣጣ ከክብሪት ሳጥን ያነሰች አንዲት ሪሌ ነበረች። ዋዲ ከቢር ሄጄ በ2 ሪያል ተኩል ገዛኋት።

ዋዲ ከቢር ብታዪው ሶማሌ ተራ ትዝ ይልሽ ነበር። ጋራዡ፣ ጎሚስታው፣ የዕቃ መሸጫው፣ የቀለም ቀቢው ተደርድሮ፣ የኬረላው፣ የፓኪስታኑ፣ የባንግላዴሹ መካኒክ አንዱ መኪና ላይ ተረባርቦ ታገኚዋለሽ። ሌቦች ናቸው ብዬ አላማቸውም። እዚያ የእጅ ዋጋ ርካሽ ነው፤ ዕቃው ነው ውድ። ደንበኛው ደግሞ «ዛሬውኑ ይቀዝቅዝልኝ» ብሎ ይቆማል፤ ሰዓት ፈጅቶ መንስኤውን ለፈለገ የሚከፍል የለም። ስለዚህ መካኒኩ ትልቁን ዕቃ ቀይሮ ይገላገላል። አዲስ አበባም ነገሩ ያው ነው። ወዳጅ የሆነ ባለሙያ የሚያተርፍልሽ የእጅ ዋጋውን ከመሰለሽ ተሳስተሻል፤ እሱማ ከድሮም ትንሽ ነበር። የሚያተርፍልሽ ያልተበላሸውን ዕቃ እንዳትገዢ ነው። ወንድም ጋሼ ራሱ ሲናገር «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ብዙም አይናገርም።

አሁን ወደ አንቺ መኪና ልመለስ። ያ አብሮሽ የተማረው፣ ተግባረ ዕድ የጨረሰው ልጅ አሁንም ሰፈር ካለ ቅዳሜ ጠዋት ጥሪው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ያደረ ይሁን፤ በሞቀበት የራዲያተሩን ክዳን የሚከፍት ሰው ፊቱን ይቀቅላል። ክዳኑን ከፍቶ ውሃው ሙሉ መሆኑን ይይ። ከጎደለ የት እንደሚሄድ ይፈለግ፤ ከማኒኮቶው፣ ከውሃ ፓምፑ፣ ከራዲያተሩ ሥር እርጥበት ወይም የደረቀ ነጭ ዝቃጭ ካለ እሱ ነው መንገዱ። ከዚያ ሞተሩን አስነሥቶ ኤሲውን ይክፈት፤ ማራገቢያው ወዲያው መነሣት አለበት። ካልተነሣ ፊውዙን፣ ቀጥሎ ሪሌውን፣ ቀጥሎ ሶኬቱን፣ በመጨረሻም የማራገቢያውን ሞተር በቀጥታ ከባትሪ መስመር ሰጥቶ ይሞክር። ቅደም ተከተሉ ከርካሹ ወደ ውዱ ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ክዳኑን ደግሞ አትናቁት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ እኔ ያለሁባት ሙስካት ባሕር ዳር ስለሆነች 100 ይጠብቃል። የራዲያተር ክዳን ሥራው ግፊት አምቆ ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ ማድረግ ነው። ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ግፊቱን ይለቃል፤ እንደ እናንተ ባለ ደጋ ላይ ደግሞ ጉዳቱ ከዚህ ይብሳል። የቧንቧ ውሃ ብቻ ሞልተሽም ከሆነ ተይ፤ ኩላንት ዝገትም ይከላከላል፣ የመፍያውንም ልክ ከፍ ያደርጋል። ቴርሞስታቱንም መኖር አለመኖሩን አስጠይቂ፤ «አያስፈልግም» ብለው አውጥተው የሚጥሉ መካኒኮች አሉ።

ጋርኒሲዮኑ ተቃጥሎ ከሆነ ምልክቱ ብዙ ጊዜ አይደበቅም። ሞተሩ ሞቆ እንኳ ከማርሚታው ነጭ ጭስ አይቋረጥም፣ የዘይት መሙያው ክዳን ሥር ወተት የገባበት ቡና የመሰለ አረፋ ይታያል፣ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ እየተፍለቀለቀ ይወጣል፣ የሚያፈስ ቦታ ሳይኖር ውሃው ይጎድላል። ከእነዚህ ውስጥ አንዱን ካየሽ መካኒኩ እውነቱን ሳይሆን አይቀርም፤ ገንዘቡን ያለ ጥያቄ እልካለሁ። ቢሆንም ጋርኒሲዮን ለመቀየር ብዙ ጊዜ የሚነሣው ቴስታታው ነው እንጂ ሞተሩ ከነነፍሱ አይወርድም። ለምን ማውረድ እንዳስፈለገው ጠይቂው፤ መልሱን ስሚ፣ አትቆጪው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ቀዩ መብራት እየበራ አንዲት መቶ ሜትር እንኳ እንዳትነጂ። የእነዚህ መኪኖች ቴስታታ አልሙኒየም ነው፤ ሙቀት ሲበዛበት ይጣመማል። ያኔ መካኒኩ ዛሬ የተናገረው ነገ እውነት ይሆንና የ2 ሪያል ተኩሏ ነገር የእውነት ሞተር ታስፈታለች።

ሌላ ቀን ደግሞ «የታይሚንግ ቺንጊያው ጊዜው አልፏል» የሚልሽ ሊመጣ ይችላል። እኔን ብለውኛል። ወንድም ጋሼ ሰምቶ ሳቀ፤ የእኔ ኮሮላ ሞተር ቺንጊያ የለውም፣ የሚሠራው በካቴና ነው። የቪትዝም እንደዚሁ ካቴና ነው። የሌለ ዕቃ ሊቀይሩልኝ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ የሞተርሽን ቁጥር ከሊብሬሽ ላይ ጽፈሽ ኪስሽ ውስጥ ያዢ፤ የሞተሩን ዓይነት ያወቀ ደንበኛ ላይ ማንም አይደፍርም።

ወንድም ጋሼን ይበልጥ ያመንኩት ግን በሠራልኝ ሳይሆን እንቢ ባለኝ ነው። ከቦሸር ወደ አል አሜራት በተራራው በኩል የሚወርደው መንገድ ቁልቁለቱ ያስፈራል። ፍሬኑ ሲለሰልስብኝ «ሸራውን ቀይርልኝ» ብዬ ለመንኩት። «በፍሬን ላይ በመንገድ መብራት ሥር አልሠራም» አለኝ፤ አብሮኝ ጋራዥ ሄዶ ሲሠሩ ቆሞ አየ። ያስቀየረውም የፍሬን ዘይቱን ነበር። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ባረጀ ቁጥር የመፍያ ልኩ ይወርዳል፣ ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲግል ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ከእንጦጦ ስትወርጂ በዝቅተኛ ማርሽ ውረጂ እንጂ ፍሬን ላይ አትቁሚ። የኤርባግ መስመርና የኤሲ ጋዝም አይነካም። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥርም አይገባም፤ የብረት መቆሚያ ከሌለ ሥራው ይቀራል። እንቢ የማይል ባለሙያ ካጋጠመሽ ራቂው።

የማያድነውም አለ። ለምሳሌ ባትሪ። ከእኛ ብዙም ሳይርቅ ቁራያት በምትባለው ከተማ በሰኔ 2010 ዓ.ም. አንድ ቀን ሙሉ፣ ሌሊቱን ጨምሮ፣ ሙቀቱ ከ42.6 ዲግሪ አልወረደም፤ የዓለም ክብረ ወሰን ተብሎ ተዘግቧል። በእንዲህ ያለ አገር የባትሪው ውሃ ይተናል፣ ሰሌዳው ይበላል፤ ሁለት ዓመት ከቆየልሽ አመስግኚ። ወንድም ጋሼ የባትሪውን ራስ በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ አጥቦ ትንሽ ዕድሜ ጨመረለት፤ የሞተውን ግን አላስነሣም። አዲስ አበባ አየሩ ስለሚራራ ያንቺ ይቆያል፤ «ባትሪ ነው» ሲሉሽ መጀመሪያ ራሱ ላይ ያለውን ነጭ ዝገት አስጥረጊ።

መኪናዋን ስገዛም እሱ ነበር አብሮኝ። ገና ሳይነዳት የደኅንነት ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ስቦ አወጣው። ሙስካትን በ1999 ዓ.ም. ጎኑ፣ በ2014 መስከረም ደግሞ ሻሂን የሚባሉ አውሎ ነፋሶች በጎርፍ መትተዋታል፤ ውሃ ውስጥ የሰነበተ መኪና ታጥቦ፣ ሽቶ ተነፍቶበት ይሸጣል። ቀበቶው መጨረሻ ላይ ያለውን ጭቃ ግን የሚያጥብ የለም። ለጓደኞችሽ ንገሪያቸው፤ የባሕረ ሰላጤ መኪና አዲስ አበባ ሞልቷል።

ስለ ውለታው ልንገርሽና ላብቃ። እዚህ አገር የውጭ ሰው ከአሠሪው ውጭ ያለ ፈቃድ ለሌላ ሰው መሥራት በሕግ ተከልክሏል። ስለዚህ ወንድም ጋሼ አንድ ባይሳ አይቀበልም፤ እኔም አልሰጠውም፤ ወዳጅነት እንጂ ቅጥር አይደለም። ግን ነጻ ነው ብዬ አላስብም። ዕቃ የሚገዛው በእኔ ገንዘብ ነው፤ ከኪሱ አውጥቶ አያውቅም። በሙቀቱ ወራት ከቀኑ 6፡30 እስከ 9፡30 ውጭ ላይ ማሠራት መንግሥት ለድርጅቶች የከለከለው ሰዓት ነው፤ እኔም በዚያ ሰዓት አልደውልለትም። ዓርብ የዕረፍት ቀኑ ስለሆነ ቤቴ ይመጣል፤ እማዬ የላከችው ሽሮ በደንብ ተሠርቶ ይቀርባል፣ ቡና ይፈላል፤ መኪናዋ ካስፈለጋት ፀሐይ ስትጠልቅ ያያታል፣ ካላስፈለጋት ተጫውቶ ይሄዳል። ባለፈው ፋሲካ ጥሩ የቡሶላ ሳጥን ገዝቼ ሰጠሁት፤ ዝም ብሎ ተቀበለኝ። የጠገነው ተመልሶ ቢበላሽም ወቀሳ የለም፤ ደረሰኝ የሌለው ሥራ ነው፣ ይህን ቀድሞ መቀበል ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ባለሙያ ወዳጁን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው፤ በነጻ አሠርቶ በገንዘቡ እንዳሠራ ይቆጣል።

የተግባረ ዕዱንም ልጅ እንደዚሁ ያዢው። እሱ በአገሩ ነው፣ መሥራት ይፈቀድለታል፤ ስለዚህ ክፈይው። «ወንድሜ አይደለህ» ብለሽ አትብዪበት። ሶማሌ ተራ ስትሄዱ አሮጌውን ዕቃ ፈታችሁ በእጃችሁ ያዙ፤ ቁጥሩ ከቁጥሩ፣ ሶኬቱ ከሶኬቱ ይመሳከር። ኦሪጅናል፣ ታይዋን፣ ቻይና፣ ያገለገለ እያሉ ዋጋ ይነግሯችኋል። ለሪሌ ያገለገለ ኦሪጅናል ከአዲስ ርካሽ ይሻላል፤ ለፍሬን ግን ያገለገለ የሚባል ነገር አይታሰብ።

መኪናዋንም ተናደሽ በርካሽ እንዳትሸጪ። በ2016 ጥር ላይ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሏል፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ ብር ለገበያ ተለቋል። ዛሬ የሸጥሻትን ቪትዝ ነገ በዚያ ዋጋ አትመልሺያትም። አሮጌ መኪናን ተንከባክቦ መያዝ አሁን ስስት ሳይሆን ግዴታ ሆኗል።

የቅዳሜውን ፍተሻ ስልክሽ ላይ በቪዲዮ ቅረጪና ላኪልኝ፤ ዓርብ ለወንድም ጋሼ አሳየዋለሁ። የሞተሩ ድምፅ በደንብ ይሰማ፣ ኤሲው ሲከፈት ማራገቢያው ይታይ፣ የዘይት ክዳኑም ሥር ይቀረጽ። እሱ አይቶ «ይከፈት» ካለ በማግሥቱ ገንዘቡ ይደርስሻል። እስከዚያ ድረስ መኪናዋ ግቢ ውስጥ ትቁም፤ አንቺ በታክሲ ሂጂ።

የምትወድሽ እህትሽ